ኃይሉን ተዉትና አንቴናውን አስተካክሉ

ሰሞኑን ኢንተርኔት ከሚያቀርብልኝ ድርጅት መልእክት ደረሰኝ። ለደንበኛ ሁሉ የተላከ ነው። ስለ መቆራረጡ ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ ሦስት ነገር ይላል። የማማዎቹን ኃይል ልንጨምር ነው። አዳዲስ ማማም እንተክላለን። እስከዚያው ግን ስልካችሁ ላይ የሲግናሉ መስመሮች ከሞሉ ኔትወርኩ ደህና ነውና ስልካችሁን አስፈትሹ።

ደሜ የፈላው ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

መስመሮቹ ሞልተው ገጹ ሲዞር ያመሸበት ሰው ይህችን ጨዋታ ያውቃታል። እነዚያ መስመሮች በዋናነት የሚነግሩን የሚመጣው ሞገድ ምን ያህል እንደሚጮህ ነው። ይደመጥ አይደመጥ ብዙም አይናገሩም። በዚያ ላይ ምን ያህል ሲግናል አንድ መስመር እንደሚባል ስልክ አምራቾች የተስማሙበት ልክ የለም። አንዱ ስልክ አራት ያለውን ሌላው ሁለት ሊለው ይችላል። ፍጥነቱን የሚወስነው የምንፈልገው ድምፅ ከረብሻው በስንት እጥፍ እንደሚበልጥ ነው፤ የተመደበው የፍሪኩዌንሲ ስፋትም፣ የመንገዱ ስፋት እንደማለት ነው፣ አለበት። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን ይህን በቀመር ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። መልእክቱን የጻፈው ክፍል ጋ ገና አልደረሰም መሰለኝ።

የእኔን ጉድ ልንገራችሁ። ማማው ከመስኮቴ ይታየኛል። ማታ ማታ ቀይ መብራቱ መጋረጃዬ ላይ ብልጭ ይላል። መብራቱ ቤቴ ይገባል፤ ኢንተርኔቱ ግን አይገባም። ስልኬ ከየትኛው ማማ ጋር እንደተያያዘ የሚያሳይ አፕ ጫንኩ። የተያያዘው ከሸለቆው ማዶ ካለው ጋር ነው። የእኔው ጎረቤት በአናቴ ላይ አልፎ ለማዶ ሰዎች ያወራል፤ የማዶው ደግሞ ለእኔ።

ነገሩ የዲግሪ ጉዳይ ነው። ማማ ላይ የምናያቸው ረጃጅም ሳጥኖች እንደ አምፖል ዙሪያውን አያበሩም። አብዛኛውን ጊዜ በሦስት አቅጣጫ ይታሰሩና እያንዳንዱ የዙሪያውን ሲሶ ይይዛል። ጨረሩ ወደ ጎን ሰፋ ይላል፤ ብርቱው ክፍሉ 65 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከላይ ወደ ታች ግን ቀጭን ነው። ሁለት ሜትር ገደማ በሚረዝም የተለመደ አንቴና 7 ዲግሪ ቢሆን ነው። ያ ቀጭን ጨረር የት እንደሚያርፍ የሚወስነው አንቴናው ወደ መሬት ያዘነበለበት ልክ ነው።

ሒሳቡ የትምህርት ቤት ሒሳብ ነው። አንቴናው 30 ሜትር ከፍታ ላይ ነው እንበል፤ መሬቱም ሜዳ። 6 ዲግሪ ካዘነበለ የጨረሩ መሐል 285 ሜትር ገደማ ላይ መሬት ይነካል። 2 ዲግሪ ከሆነ 860 ሜትር ገደማ። 1 ዲግሪ ከሆነ 1,700 ሜትር አልፎ። ዜሮ ላይ ከተተወ ጭራሽ አያርፍም፤ አድማስ አድማሱን እያየ ይሄዳል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። በ6 እና በ1 መካከል ያለው ልዩነት እኮ አንቴናው አናት ላይ ስንዝር አይሞላም!

አሁን ኃይል ጨምሩበት። በአናቴ ላይ የሚያልፈው ጨረር እዚያው በአናቴ ላይ በርትቶ ያልፋል። የውኃ ጎማው ወደ ጎረቤት ግድግዳ ዞሮ ሳለ ቧንቧውን የባሰ ቢከፍቱት የሚታጠበው ግድግዳው ነው። አትክልቱ እንደደረቀ ነው።

የሚያልፈው ጨረር ደግሞ ባክኖ አይቀርም። በ4ጂ አጎራባች ማማዎች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት በአንድ ፍሪኩዌንሲ ነው። ስለዚህ የእኔ ማማ ጩኸት ለማዶ ማማ ደንበኞች ረብሻ ነው። እነሱም ያማርራሉ። የእነሱም ማማ ኃይል ይጨመርለታል። ሁሉም ሲጮህ ማንም አይሰማም፤ የሁሉም ስልክ መስመር ግን ጢም ብሎ ይሞላል። ድርጅቱም ደህና ነው ይለናል።

ኃይልን እጥፍ ማድረግ ርቀትንም እጥፍ የሚያደርግ የሚመስለው ካለ ይረሳው። ምንም በማይጋርደው ክፍት ቦታ 40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቤትና ዛፍ በበዛበት 20 በመቶ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስልኩስ? ማማው በአሥሮች በሚቆጠር ዋት ይናገራል። የተለመደ የ4ጂ ስልክ ጣሪያው 0.2 ዋት ነው። ማማው ቢጮህ ስልኩ ይሰማው ይሆናል፤ ሲመልስ ግን ያው ሹክሹክታው ነው። መስመሩ ሙሉ፣ መልእክቱ አልሄድ ያለ። ይሄም የስልኬ ጥፋት ነው መቼም።

ማማ በሌለበት ማማ ይተከል፤ በዚህ አልከራከርም። ያለውን ሳያስተካክሉ ሌላ መጨመር ግን ሌላ ጯሂ መጨመር ነው።

አንድ ጊዜ ማማ የሚወጣ ልጅ ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። አንቴናው ገና መሬት ላይ ሳለ ከኋላው ያለውን ማሰሪያ አሳየኝ። ዲግሪው በቁጥር ተቀርጾበታል። ብሎኑን ማላላት፣ ቁጥሩ ላይ ማድረስ፣ መልሶ ማጥበቅ ነው። አንቴናው የሚታሰርበት ቱቦ ራሱ ከጠመመ ግን ያ ቁጥር ውሸት ነው አለኝ። ቀጥሎ ኮምፓሱን አውጥቶ ወደ ማማው እግር አስጠጋው። መርፌዋ ብረቱን ስታይ ሰሜንን ረስታ ዞረች። ልጁ ሳቀ። የገባው ልጅ ስለሆነ ከብረቱ ራቅ ብሎ ለካና ማዶ አንድ ምልክት መርጦ በዚያ አነጣጠረ። ያልገባው፣ ወይም ዝናቡ ሳይመጣ ልጨርስ ብሎ የቸኮለ ቢሆንስ? 20 ዲግሪ ስቶ ቢወርድ ማን ያየዋል? ከዓመታት በኋላ ብሎኑ ላልቶ ነፋስ ቢያዞረውስ?

ደግሞ አንቴናውን ከፊት ዘንበል ማድረግ ብቻውን ሁሉን አይፈታም። ባርኔጣ ግንባር ላይ ሲጎተት ከኋላ ብድግ እንደሚለው ነው፤ የፊቱ ጨረር ሲወርድ የጎኑ ባለበት ይቀራል፣ የኋላው ወደ ላይ ይነሳል። ለዚህም መፍትሔው ከተሠራ ቆይቷል። ብዙ አንቴናዎች ሳጥኑ ሳይነካ ጨረሩን ከውስጥ የሚያወርድ ሥርዓት አላቸው። ትንሽ ሞተር ከተገጠመለት ቢሮ ተቀምጦ ማዘዝ ይቻላል። ማማ መውጣት የለ፣ ገመድ መታጠቅ የለ።

ማማውን ሁሉ ዞሮ ማየት አይቻልም እንዳይሉኝ። የ4ጂ ማማ የሚሠራው የእያንዳንዱን ስልክ ርቀት 78 ሜትር ገደማ በሆነ እርምጃ እየገመተ ነው። እንዲያ ካላደረገ የስልኮቹ መልስ በሰዓቱ አይደርስለትም። ለ1 ኪሎ ሜትር የታሰበ አንቴና 6 ኪሎ ሜትር ላይ ያሉ ስልኮችን ተሸክሞ ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቀና ማለቱ ነው።  ቁጥሩ እነሱው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። ያላዩት ማየት ስላልፈለጉ ነው። ኃይል ጨመርን ማለት ዜና ይሆናል፤ ብሎን አጠበቅን ማለት አይሆንማ።

ለማንኛውም ታዛዥ ደንበኛ ነኝና ስልኬን አስፈተሽኩ። ጠጋኙ ከፈተው፣ አየው፣ መልሶ ዘጋው። ምንም የለበትም አለኝ። ሒሳብም አልተቀበለኝም።