አርሰናልማ ያን ዓመት ተሸንፏል

ወንድሜ፣ «አርሰናል እ.ኤ.አ. በ2003/04 አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም» ብለሃል። ደሴ ፒያሳ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። እኔም ስምል ኖሬያለሁ።

ያልተሸነፈው በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው፤ 38 ጨዋታ፣ 26 ድል፣ 12 አቻ። በኤፍኤ ካፕ፣ በእንግሊዝ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ ግማሽ ፍጻሜ ግን ስኮልስ ባገባት አንዲት ጎል ማንቸስተር ዩናይትድ አሰናበተን። የዩናይትድ ደጋፊው ጎረቤቴ በሬን አንኳኩቶ «ነፍስ ይማር» ያለኝ እስካሁን ይቆጨኛል! ከግማሽ ፍጻሜው ሦስት ቀን በኋላ ደግሞ በአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግ ቼልሲ። በያኔው ሜዳችን ሃይበሪ ላይ፣ ሬየስ አግብቶ እየመራን፣ ላምፓርድ አቻ አደረገ። በ87ኛው ደቂቃ ብሪጅ ጨረሰን። ቻምፒየንስ ሊጉም በዚያው ቀረ።

ሳንሸነፍ የተጓዝንባቸው 49 ጨዋታዎችም የአንድ ዓመት አይደሉም፤ ሦስት የውድድር ዘመን የነካ የሊግ ጉዞ ነው። አብሽር፣ ዋንጫውን የሚነጥቅህ የለም።