ለዋተር ፓምፕ የተያዘ በጀት

አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የሚቆም ሰው የለም። ኮፈኑ ከፍ ሲል ያየ ሁሉ ይመጣል። ሰላምታ የለም፤ "ይቅርታ" የለም። አንገቱን ያስገባና "ምን ሆና ነው?" ይላል። መልስ ግን አይጠብቅም። መልሱን ይዞ ነው የመጣው።

ይህን የምታዘበው የዕድር ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው። ዕድራችን ፒያሳና አራት ኪሎ መሃል ነው። ማለቴ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ድስቱ ያሉት እዚያ ነው። አባላቱማ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ተበትነዋል። አንዱ አራብሳ ሄደ፣ አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ። ድሮ ሰው ሲሞት ጎረምሶች ድንኳኑን በትከሻቸው ያደርሱት ነበር። አሁን ለቅሶ ቤት ለመድረስ ራሱ ስንቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ መኪና ተገዛ። አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ፣ ነጠላ ጋቢና። ሊቀ መንበራችን ሲመርቋት "ከእንግዲህ አባሎቻችን የትም ቢሞቱ አያሳስበንም" አሉ። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ሆነ።

የመኪናዋ ዋተር ፓምፕ ግን ብዙም አልቆየ። ተቀየረ። የተቀየረውም አልቆየ። እሱም ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ ዕድራችን ለቀብር ያወጣውንና ለዋተር ፓምፕ ያወጣውን ለይቶ ማየት የቻለ ገንዘብ ያዡ ብቻ ነው።

የዋተር ፓምፕ ሥራ ውስብስብ አይደለም። ሞተሩ ውስጥ የጋለውን ውሃ እየገፋ ያዞራል፤ ውሃው ራዲያተር ውስጥ በርዶ ይመለሳል። የሚያሽከረክረው ቺንጋ የሚሉት የላስቲክ ቀበቶ ነው። በእኛ መኪና ላይ ደግሞ ራዲያተሩን በነፋስ የሚያበርደው ትልቁ ቬንትሌተር የታሰረው እዚያው ፓምፑ ዘንግ ላይ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አንድ እሁድ ከአራብሳ ለቅሶ ስንመለስ፣ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ ስንል፣ ቸርችል ላይ ፈላች። ፖስታ ቤቱን አለፍ እንዳልን ነው። ሾፌራችን ኮፈኑን ከፈተ። እንፋሎቱ ሳይበተን ሰው ሞላ።

ቀድሞ የደረሰው አንድ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ተሳፋሪዎቹን መሃል መንገድ ላይ ትቶ ነው የወረደው። "ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ ጣሉት ወንድሜ! እሱ ለፈረንጅ አገር በረዶ ነው" አለ። ምክሩ ዘግይቷል። መካኒካችን ገና ድሮ አውጥቶ ጥሎታል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ያግዳል፤ ሲሞቅ ይከፍትለታል። ያለ እሱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይውልና ናፍጣ ይጠጣል። አንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ በአቋራጭ ይመለሳል፣ ያኔ ጭራሽ ይፈላል። ይሁንና ከተማው ውስጥ ቴርሞስታት የማይጠላ ሹፌር ማግኘት ይቸግራል።

ቀጥለው ከረባት ያሰሩ ሽማግሌ መጡ። "በጃንሆይ ጊዜ መኪና አይፈላም ነበር" አሉና ዝም አሉ። ሌላ የሚጨምሩት አልነበራቸውም፤ የሚቀንሱትም እንደዚያው። አንድ ሊስትሮ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሞተሩን አየ አየና "ቴስታታው ተበልቷል" ብሎ ፈረደ፤ የሞተሩን ራስ ማለቱ ነው። ልጁ ከመኪናዋ በዕድሜ በብዙ ያንሳል። ጃንጥላ የያዙ እናት ደግሞ ድንኳኑንና ድስቱን አይተው "ልጆቼ፣ ይቺ መኪና ከለቅሶ ለቅሶ ነው የምትዞረው። ፀበል አስነኳት" አሉ። ከሁሉም ምክር ጉዳት የሌለው የእሳቸው ነበር። ከቀረቡት መፍትሔዎች ውስጥ ኮፈኑን መዝጋት የሚጠይቀውም እሱ ብቻ ነው።

አንዱ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ "ኤሌክትሪክ ግዙ! ዋተር ፓምፕ የሚባል ጣጣ የለበትም!" አለን። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ምክር በዝቷል። ጣጣው ግን አለበት። ብዙዎቹ ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ አላቸው፤ ፈሳሹን የሚያዞረው ፓምፕ ነው። ልነግረው ነበር፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ "አላውቅም" ያለ አንድ አልነበረም። አላውቅም ማለት በእኛ ከተማ እንደ ንፍገት ነው የሚቆጠረው። መንገድ ስትጠይቁም ያው ነው። የማያውቀው ሰው በእጁ ብቻ ሳይሆን በአገጩም ጭምር ይጠቁማችኋል።

ፓርኪንግ የሚሠራው ልጅ በሃይላንድ ፕላስቲክ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ ሮጠ። ሾፌራችን እጁን ይዞ ባያስቆመው ኖሮ የሊስትሮው ፍርድ እዚያው ይፈጸም ነበር። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታ ይሰነጥቃላ።

ክዳኑንም ያኔ ነው ልብ ያልነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም፤ 92 አካባቢ ነው። ጤነኛ ሞተር ደግሞ 90 አካባቢ ይሞቃል። በሁለቱ መሃል ቆሞ የሚገላግለው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው 110 ሲያልፍም አይፈላም። የእኛ ክዳን ግን ላስቲኩ ከአሮጌ ጎማ በመቀስ የተቆረጠ ነው። ምንም አይዝም። ውሃውም የቧንቧ ውሃ ነው። ኩላንት ይገዛ ሲባል ሊቀ መንበሩ "ቀለም የገባበት ውሃ ነው፤ በዕድሩ ገንዘብ ቀለም አንገዛም" ብለው ነበር። ኩላንቱ ዝገት የሚከላከል መሆኑ በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም።

ስለ ቃለ ጉባኤው ልንገራችሁ። "ዋተር ፓምፑ በድጋሚ እንዲቀየር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል" የሚለው ዓረፍተ ነገር መዝገቡ ውስጥ ሞልቷል። ከአንዱ ስብሰባ ወደ ሌላው የሚለወጠው ቀኑ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት አባል እጃቸውን አውጥተው "ለመሆኑ ለምንድነው ቶሎ ቶሎ የሚበላሸው?" ብለው ጠየቁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሊቀ መንበሩ "ጥያቄው ጥሩ ነው። በልዩ ልዩ ጉዳዮች እናየዋለን" አሉ። ልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ ስንደርስ ሰው ምሳ ርቦት ሄዷል።

ፓምፕ ለመግዛት ሱማሌ ተራ የምንሄደው ሦስት ሆነን ነው። አንድ ሰው ብቻውን ከሄደ ይበላል። ሁለት ከሄዱ ይስማማሉ። ባለሱቁ "ኦርጂናል ነው" ይለናል። "እውነተኛ ኦርጂናል?" እንለዋለን። "እሱ ዋጋው ሌላ ነው።" በኦርጂናልና በእውነተኛ ኦርጂናል መሃል ሌላም ደረጃ እንዳለ የገባን፣ "የኦርጂናል አንደኛ ኮፒ" የሚል ዕቃ ሲያወጣልን ነው። እሱን ገዛን። ሦስታችንም ፈረምን።

ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ነገር ፈጣን ነው። የድሮው ፓምፕ ይወጣል፣ ጥግ ይወረወራል፣ ቁራሌው ሲመጣ ይሸጣል። ማንም አገላብጦ አያየውም። መካኒካችን ቺንጋ ሲጮህ አይወድም። በጮኸ ቁጥር ያጠብቀዋል። ቺንጋ በሁለቱ ፑሊ መሃል በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። የእኛ ንቅንቅ አይልም። ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ ደግሞ ቀን ከሌት የፓምፑን ኩሽኔታ፣ ዘንጉን ደግፎ የሚያዞረውን፣ ወደ ጎን ይጎትታል።

አንድ ጊዜማ የሠራው ሥራ ይገርማል። ፓምፕ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ውስጥ ያለው ውሃ ማገጃ ሲያረጅ በእሷ በኩል ያንጠባጥባል። ሆን ተብሎ የተሠራች ናት፤ ሳይብስ እንድናውቅ። መካኒካችን ጠብታውን አየና ቀዳዳዋን በሲሊኮን ደፈናት። "ሊኬጁን አቁሜላችኋለሁ" አለ። ውሃው መውጫ ሲያጣ ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ግራሱን አጠበው። ይሄ ለእኛ አዲስ አልሆነብንም። የዕድራችን የአስተያየት ሳጥንም ሞልቶ ሲያስቸግር አፉ ላይ ፕላስተር ተለጥፎበታል።

ነገሩን ያወቀችው ለልምምድ የመጣች የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ናት። ጋራዡ ውስጥ የሰጧት ሥራ ሻይ ማምጣት ነበር። ቁራሌው ሳይመጣ ጥግ የተጣሉትን ፓምፖች ሰብስባ ደረደረቻቸው። ሊቀ መንበሩን ጠራቻቸው።

"ጋሼ፣ እዩት። የሁሉም ዘንግ ይወላገዳል። ውሃ የሚገፋው ክንፋቸው ግን ደህና ነው። ጥፋቱ የውሃው ቢሆን ኖሮ እሱ ነበር የሚበላው። እነዚህን የገደላቸው ከፊት ያለ ነገር ነው።"

"ልጄ፣ አንቺ ስንተኛ ዓመት ነሽ?"

"ሁለተኛ።"

"እህ" አሉና ወደ መካኒኩ ዞሩ።

እሷ ግን ሞተሩ እንደጠፋ ቬንትሌተሩን በእጇ ቀስ አድርጋ አዞረችው። አንደኛው ክንፍ ጫፉ የለም። ተሰብሯል። ዙሪያው በመከለያ ስለተሸፈነ አይታይም፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ሁሉም ክንፍ አንድ ነው። ሚዛኑን የሳተ ቬንትሌተር በደቂቃ ሺህ ጊዜ እየዞረ ዘንጉን ሲያንገጫግጨው፣ እውነተኛ ኦርጂናልም ቢሆን አይችለውም። መቼ ተሰበረ ተባለ። ሾፌሩ መካኒኩን አየ። መካኒኩ ሾፌሩን አየ። በመጨረሻ "ስትገዛም እንዲሁ ነበረች" ተባለና ሁለቱም ተነፈሱ።

አሁን ቬንትሌተር መግዛት ነው፣ አይደል? ገንዘብ ያዡ መዝገባቸውን ገለጡ። "ለቬንትሌተር የተያዘ በጀት የለም። የተያዘው ለዋተር ፓምፕ ነው።" ክርክሩ ረዘመ። አንዱ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራ አለ። ሌላው ቬንትሌተሩ ፓምፑ ላይ እስከታሰረ ድረስ የፓምፑ ቤተሰብ ነው አለ። የዕድር ሰው ቤተሰብ ሲባል ይረዳዋል። "ዋተር ፓምፕ፣ ከነቤተሰቡ" ተብሎ ይመዝገብ ተባለ፤ ተመዘገበ። ክዳኑና ኩላንቱም በዚያው ቤተሰብ ውስጥ ገቡ። ጋራዡ "የምርመራ" ብሎ ጠቀም ያለ ሒሳብ ጠየቀ፤ ተከፈለ። ልጅቷ የልምምድ ጊዜዋን ጨርሳ ሄደች።

መኪናዋ ከዚያ ወዲህ አልፈላችም። ከአራብሳ ቱሉ ዲምቱ ትመላለሳለች። ችግሩ የመጣው በዓመታዊው ጉባኤ ነው። አንድ አባል ብድግ አሉ።

"በየዓመቱ ለዋተር ፓምፕ እንከፍል ነበር። ዘንድሮ አንድም አልተገዛም። ገንዘቡ የት ገባ?"

ገንዘብ ያዡ "ባንክ አለ" አሉ። አዳራሹ አጉረመረመ። ባንክ አለ ሲባል ያላጉረመረመ ጉባኤ አላውቅም። መኪናዋ አትበላሽም ለማለት ሞከርኩ። "ያቺ መኪና? እሷን ነው የምትለን?" ተብዬ ተቀመጥኩ።

ዋተር ፓምፑ ለምን እንዳልተበላሸ የሚያጣራ ኮሚቴ በሙሉ ድምፅ ተቋቁሟል። ሥራውን የጀመረው የመኪናዋን ቁልፍ በመረከብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጋራዥ ይዘዋት ይሄዳሉ፤ ፓምፑን አስፈትተው ሊያዩት።