የኑክሌር ራዲዮሎጂ ፌሎው ጠዋት ሆት ላብ ይግባ

አንዳንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ የኑክሌር ራዲዮሎጂ ፌሎው፣ ማለት ተጨማሪ ሥልጠና ላይ ያለው ሐኪም፣ ውሎው ይሄ ነው። ጠዋት ይመጣል፤ መብራቱ ደብዘዝ ያለ ክፍል ገብቶ ስክሪን ፊት ይቀመጣል። አንዱን ፔት ሲቲ (የኑክሌር ምስልና ሲቲ ስካን አንድ ላይ የሚነሱበት ምርመራ) አንብቦ ሳይጨርስ ሌላው ይደርሳል። ማታ ዓይኑን እያሸ ይወጣል። "ዛሬ ስንት ሪፖርት ጨረስክ?" የሚል አለቃ ሞልቷል። "ዛሬ የተወጋው መድኃኒት እንዴት ተዘጋጀ?" የሚለው ግን ከስንት አንዴ ነው። በበኩሌ ይሄን ሥልጠና ለማለት ይከብደኛል። ርካሽ ጉልበት ነው።

ዘርፉን ለማያውቅ ባጭሩ ልበል። ራጅና ሲቲ ስካን ጨረሩን ከውጭ ወደ ሰውነት ይልካሉ። ኑክሌር ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር የተያያዘበት መድኃኒት በጥቂቱ ለታካሚው ይሰጥና ካሜራው ከሰውነት የሚወጣውን ጨረር ይለቅማል። ስለዚህ የሚታየው የአካሉ ቅርጽ ብቻ አይደለም፤ ምን እየሠራ እንደሆነም ይታያል። ፌሎሺፑ ደግሞ የራዲዮሎጂ ስፔሻላይዜሽኑን የጨረሰ ሐኪም በዚህ ዘርፍ የሚጨምረው ሥልጠና ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ዓመት ይፈጃል። ብዙ የአውሮፓ አገሮች ግን ኑክሌር ሕክምናን ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ አድርገው ለዓመታት ነው የሚያስተምሩት። አንድ ዓመት አጭር ነው። እሱንም ስክሪን ላይ ካፈጠጡበት ምን ይተርፋል?

ሆት ላብ የሚባለው መድኃኒቱ የሚዘጋጅበት ክፍል ነው። የዘርፉ ዋና ንጥረ ነገር ቴክኒሺየም 99ኤም እዚያ ነው የሚወጣው። ግማሽ ዕድሜው (ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 6 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ገዝተው መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጡት ነገር አይደለም። የምትመጣው እየፈረሰች ቴክኒሺየም የምትሆነው እናቱ ናት፣ ሞሊብዲነም 99፣ ግማሽ ዕድሜዋ 66 ሰዓት፣ ጄኔሬተር በሚባል በእርሳስ በተሸፈነ ዕቃ ውስጥ ሆና። ጠዋት የጨው ውሃ ሲያልፍበት ቴክኒሺየሙ ታጥቦ ይወጣል፣ ሞሊብዲነሙ እዚያው ይቀራል። ይቀራል ተብሎ ግን አይታመንም። አብሮ ያመለጠ ሞሊብዲነም ካለ ታካሚው በከንቱ ለጨረር ስለሚጋለጥ ይለካል። በአሜሪካ ደንብ ለአንድ ሚሊኩሪ (ኩሪ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ቴክኒሺየም ከ0.15 ማይክሮኩሪ ሞሊብዲነም ካለፈ ለታካሚ አይሰጥም።

"ይሄ የቴክኖሎጂስቱ ሥራ ነው፣ ሐኪሙን ምን አገባው?" የሚል አይጠፋም። ያገባዋል እንጂ! የአጥንት ስካን መጣ እንበል። ምስሉ ላይ ከአጥንቱ ሌላ ታይሮይድ ዕጢው፣ የምራቅ ዕጢዎቹና ጨጓራው ደምቀው ወጡ። ሆት ላብ ረግጦ የማያውቅ ሐኪም የሌለ በሽታ ፍለጋ ይገባል። የሚያውቀው ግን ወዲያው ስልኩን ያነሳል፤ ቴክኒሺየሙ ከመድኃኒቱ ጋር በደንብ አልተያያዘም፣ ነፃ ሆኖ የቀረው ነው እዚያ የተከማቸው። የዚያን ቀን ከዚያው ጠርሙስ የተወጉት ሌሎች ታካሚዎች ምስልም መታየት አለበት ማለት ነው።

ካሜራው ጋ መገኘትም እንደዚያው ነው። ለአጥንት ስካን የተወጋ ሰው ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቆ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ሽንቱን ሸንቶ ነው ምስሉን የሚነሳው። መድኃኒቱ በሽንት ይወጣል። ሱሪው ላይ የተንጠባጠበች አንዲት ጠብታ ምስሉ ላይ ጭኑ አጥንት ውስጥ ያለች ትኩስ ነጥብ መስላ ቁጭ ትላለች። ስክሪን ፊት የተቀመጠችው ፌሎው "ካንሰሩ ወደ አጥንት የተሰራጨ ይመስላል" ብላ ልትጽፍ ትችላለች። ተነስታ ካሜራው ጋ የሄደችው ግን ልብስ ታስቀይራለች፣ ቆዳውን ታስጠርጋለች፣ እንደገና ታስነሳለች። ነጥቧ ከጠፋች ጉዳዩ አለቀ። ለዚያ ታካሚ በእነዚህ ሁለት ሪፖርቶች መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው።

ፔት ላይም ቢሆን ታካሚው ከተወጋ በኋላ ሲያወራ ከቆየ የድምፅ ጡንቻው ይደምቃል፣ ከበረደው አንገቱና ትከሻው ላይ ያለው ቡናማ ስብ ይበራል። ቲቢ ካንሰር መስሎ የሚያሳስተውንማ ሁሉም ያውቀዋል።

አሁን የተቃዋሚዎቼን ሐሳብ ላንሳ፣ ምክንያቱም ቀላል አይደለም። "በሺዎች የሚቆጠር ምስል ያላነበበ ሐኪም አደገኛ ነው" ይላሉ። ልክ ናቸው። ዓይን የሚሠለጥነው በብዛት ነው፣ በዚህ አልከራከርም። እኔ ያልኩት ግን አታንብቡ አይደለም። ጄኔሬተሩ በሚታጠብበትና ካሜራው በሚፈተሽበት ሰዓት ፌሎው እዚያ ይሁን ነው ያልኩት። ሪፖርቱ ከተከመረ ሆስፒታሉ ሰው ይቅጠር። (እውነቱን እናውራ ካልን፣ አንዳንዱ ሐኪም ከቴክኖሎጂስት ወይም ከፊዚሲስት፣ ማለት ከጨረር ልኬት ባለሙያው፣ መማር ክብሩን የሚነካው ይመስለዋል። ሆት ላብ ውስጥ ግን ዋነኞቹ አስተማሪዎች እነሱ ናቸው።)

በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የደረሰውን የሞሊብዲነም እጥረት የሚያስታውስ ደግሞ ነገሩ ይገባዋል። በግንቦት ወር ካናዳ ቾክ ሪቨር ያለው ሬአክተር ቆመ፣ ከዓመት በላይም እንደቆመ ቀረ። በ2010 ኔዘርላንድስ ፔተን ያለውም ለጥገና ለወራት ተዘጋ። የዓለም ሞሊብዲነም የሚመጣው ከጣት ከማይበልጡ ያረጁ ሬአክተሮች ስለነበር ሆስፒታሎች ማንን እናስቀድም የሚል ጭንቅ ውስጥ ገቡ። እንዲህ ዓይነት ቀን ሲመጣ ከጄኔሬተሩ ስንት ሰዓት ላይ ምን ያህል እንደሚገኝ አስልቶ ቀጠሮ የሚያሸጋሽግ ሐኪም ነው የሚፈለገው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሕክምናው ነው። ይሄ ዘርፍ ማንበብ ብቻ ሳይሆን ማከምም ነው፤ ሳውል ኸርትዝ ቦስተን ላይ የታይሮይድ ታካሚን በጨረራማ አዮዲን ያከመው በ1941 ነው። አሁን ደግሞ ሉቴሺየም 177 የሚባል ሌላ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር መጥቷል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2018 ለኒውሮኢንዶክሪን ዕጢዎች (ሆርሞን ከሚያመነጩ ሕዋሳት ለሚነሱ እባጮች)፣ በ2022 ለተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር ፈቅዶታል። ፔት ላይ ዕጢውን ለማየት መድኃኒቱ የሚያያዝበትን ዒላማ ራሱን ይዘው ያክሙበታል። ይሄ ከስክሪን ጀርባ የሚሠራ ሥራ አይደለም። አዮዲን 131 ከመስጠትህ በፊት ሴትየዋ ነፍሰ ጡር አለመሆኗን ታረጋግጣለህ፣ ጡት ታጠባ እንደሆነ ትጠይቃለህ፣ ቤት ውስጥ ሕፃን አለ ወይ፣ ብቻዋን የምትተኛበት ክፍል አላት ወይ፣ ሽንት ቤቱን ከማን ጋር ነው የምትጋራው ትላለህ። እፍረቱም ፍርሃቱም እዚያ ነው የሚወጣው። እንዲህ ያለ ወሬ ማውራት ደግሞ በልምምድ ነው የሚመጣው።

የአሜሪካ ደንብ እንዲህ ያለውን ሕክምና በራሱ ኃላፊነት ለሚሰጥ ሐኪም ከሚከፍታቸው መንገዶች አንዱ 700 ሰዓት ሥልጠናና ልምድ ይጠይቃል፤ ከዚያ ቢያንስ 200ው ክፍልና ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ጥሩ ነው። ወረቀት ላይ የሰፈረ ሰዓትና የተሠራ ሰዓት ግን ለየቅል ሊሆን ይችላል፣ ፈራሚው አሠልጣኝም ይሄን አያጣውም።

ለዚህ ፌሎሺፕ የምታመለክቱ ካላችሁ ቃለ መጠይቁ ላይ እናንተም ጠይቁ። ያለፈው ፌሎው ስንት የአዮዲንና የሉቴሺየም ታካሚ ፊት ለፊት ተቀምጦ አማከረ? ጄኔሬተሩን በእጁ አጥቦ ያውቃል? ፊዚሲስቱ በሳምንት ስንቴ ያስተምራል? መልሳቸው "እኛ ጋ በቀን ይሄን ያህል ፔት ይነበባል" ከሆነ ሌላ ሆስፒታል ፈልጉ።