ለውሻ ነው ይሄ ሁሉ?

የቤት እንስሳ በሥራ ሰዓት አይታመምም። ሰኞ ጠዋት፣ ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ሲጠብቅ፣ ውሻችሁ ፍጹም ጤነኛ ነው። ጅራቱን ይቆላል። ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ ግን ካልሲ ይውጣል።

ካልሲው ርካሽ ነበር። ውድ የሆነው የሄደበት መንገድ ነው። መጀመሪያ ራጅ ይነሳል። ጨርቅ ደግሞ በራጅ ጥርት ብሎ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። ከዚያ የደም ምርመራ፣ ጉሉኮስ፣ ማደንዘዣ፣ ቀዶ ሕክምና፣ አዳር። ጠዋት ካልሲው በፌስታል ታስሮ ይሰጣችኋል። እቤት ካለው ልብስ ሁሉ ውዱ አሁን እሱ ነው።

ሌሊት የሚሠራ የእንስሳት ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ ተራ ጠብቁ ከተባላችሁ ደስ ይበላችሁ። እዚያ ቤት ቀድሞ የሚገባው ቀድሞ የመጣው ሳይሆን መተንፈስ ያቃተው ነው። ይሄ ያልገባው ሰው «እኛ ቀድመን ነው የመጣነው!» እያለ ይጮኻል። ውሻው ግን እግሩ ሥር ተኝቶ ያዛጋል።

ቀጥሎ የዋጋ ግምት የሚባለው ወረቀት ይመጣል። ሁለት ቁጥር አለው፤ ትንሹና ትልቁ። ባለቤቱ ትንሹን ብቻ ያነባል። ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ትልቁ ነው የሚያዘነብለው። በዚያ ላይ ቅድሚያ ክፍያ አለ። ከሥሩ ደግሞ ለመፈረም የሚከብድ ጥያቄ፦ «ልቡ ቢቆም ልንመልሰው እንሞክር ወይስ እንተው?» ሁለት ባዶ ሳጥኖች። በአንዱ ላይ ምልክት አድርጉ። ዕቃ ለመግዛት ሦስት ሱቅ ዞሮ ዋጋ የሚያወዳድር ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶው ይንቀጠቀጥበታል።

ገንዘብ ያጠረው ለዘመድ ይደውላል።

«ለውሻ ነው ይሄ ሁሉ?»

«አዎ።»

«በስንት ነበር የገዛኸው?»

«አልገዛሁትም፤ ከመንገድ ነው ያነሳሁት።»

«ታዲያ ሌላ አንሳ!»

ለነገሩ ዘመድ እንዲህ የሚያስበው አለምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1761 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሊዮን ላይ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሲቋቋም የሚታሰበው ፈረስና ከብት ነበር። ሒሳቡም ቀላል ነው፤ የበሬው ዋጋ ከሕክምናው ከበለጠ ይታከማል፣ ካነሰ ይታረዳል። ዕድሜ ልኩን አንድም ቀን ሠርቶ የማያውቅ፣ ሶፋችሁን የበላ ፍጡር ሲመጣ ግን ሒሳቡ ይበላሻል። ዋጋው የሚወጣው ከውሻው ሳይሆን ከእናንተ ነው።

ሐኪሞቹ ሌቦች ናቸው የሚሉም አሉ። እኔ አልልም። ማደንዘዣው፣ የራጅ ማሽኑ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ የሚያድረው ሰው፣ ሁሉም ከሰው ሆስፒታል ብዙ አይለዩም። ልዩነቱ ለሰው ብዙ ቦታ መንግሥት ወይም ኢንሹራንስ መሃል ገብቶ ይከፍላል፤ ስለዚህ የራሳችን ትርፍ አንጀት የወጣበትን እውነተኛ ዋጋ ሳናውቅ እንኖራለን። የውሻው ሂሳብ ግን ራቁቱን ይመጣል። «እንስሳ ብትወዱ ኖሮ በነፃ ታክሙ ነበር» የሚለው ስድብ ደግሞ ይገርመኛል። ዳቦ ጋጋሪውን «ሰው ብትወድ ኖሮ» ያለው ማን ነው?

ለውሻም ኢንሹራንስ አለ ትሉኝ ይሆናል። በሚገኝበት አገር፣ አዎ። ግን መጠበቂያ ጊዜ አለው፤ ቀድሞ የነበረን በሽታም ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም። አብዛኛው ደግሞ ሌሊቱን እናንተ ከፍላችሁ በኋላ ነው የሚተካው።

እኔን የሚያስፈራኝ ቆጣቢው ሰው ነው። ድመቷ አሟት ፓራሲታሞል ይሰጣታል። አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል፤ ጉበቷ መድኃኒቱን እንደ እኛ ማስወገድ አይችልም፣ ደሟም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ወንዱ ድመት ሽንት አልወጣ ብሎት እየተመላለሰ ሲያምጥ ደግሞ «ሆድ ድርቀት ነው፣ እስከ ሰኞ ይለቀዋል» ይባላል። ቱቦው ከተዘጋ ግን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ትልልቅ ውሾች ላይ ደግሞ ጨጓራ ተነፍቶ ሲጠማዘዝ የሚቆጠረው ሰዓት እንጂ ቀን አይደለም። ሲጠበቅ ያደረው ሁሉ ሂሳቡ ላይ ይደመራል።

የዋጋ ግምቱ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ርካሹ ነገር ሳይሰቃይ እንዲያልፍ የሚሰጠው መርፌ ነው። ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አያነበውም። አንዳንዴ ትክክለኛው መልስ እሱ ነው። አንዳንዱ ሰው ግን እሱን የሚመርጠው «ያለኝ ይሄ ነው፤ በዚህ ምን ይሠራል?» ማለት አፍሮ ነው። ጎበዝ ሐኪም ይሄ ጥያቄ አያስቀይመውም። የቱ ምርመራ ሊቆይ እንደሚችል፣ የትኛው ሕክምና እቤት እንደሚሠራ ይነግራችኋል። በቲማቲም ዋጋ ግማሽ ሰዓት የምንከራከር ሰዎች፣ እዚህ ጋ ምን ይሉኝ ይይዘናል!

ካልሲ የዋጠው ውሻ ተሽሎት ወጥቷል። ስፌቱን እንዳይልስ አንገቱ ላይ ትልቅ የላስቲክ ቀፎ ታስሮለታል። በር በገባ ቁጥር ከመቃኑ ጋር ይጋጫል። ቀፎው ሂሳቡ ውስጥ አለ፤ ለብቻው መስመር ተሰጥቶታል።