የምጣድ ገመድ ስንገዛ ዲግሪውንም እንጠይቅ

በቱሉ ዲምቱ፣ በለገጣፎ ወይም በሰበታ በኩል ቤት የሚሠራ ሰው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሊገዛ ሲገባ የሚጠይቀው ስለ ውፍረት ነው። «ባለ 2.5 ስንት ነው? ባለ 4ስ?» ይላል፤ ቁጥሩ የመዳቡ ውፍረት በካሬ ሚሊሜትር ነው። ገመዱ ስንት ዲግሪ ይችላል ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። የሙቀት ነገር ለአፋርና ለድሬዳዋ እንጂ ለአዲስ አበባ አያሳስብም የሚል እምነት አለ። እኔ በዚህ አልስማማም።

ገመድ 70 ወይም 90 ዲግሪ ነው ሲባል ስለ አየሩ አይደለም የሚወራው። መዳቡ ሥራ ላይ እያለ ያለማቋረጥ ሊደርስበት የሚፈቀደው የመጨረሻ ሙቀት ነው። ፒቪሲ የሚባለው የተለመደው የፕላስቲክ ልባስ 70 ነው፤ ኤክስኤልፒኢ የሚባለው፣ ሙቀትን የበለጠ የሚችል ፕላስቲክ ደግሞ 90። የአካባቢው ሙቀትና ኮረንቲው ራሱ የሚፈጥረው ሙቀት ተደምረው ከዚያ ማለፍ የለባቸውም።

አሁን ወደ ከተማዋ ዳር ቤቶች እንምጣ። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ሽቦው በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያልፋል። በበጋ ጠዋት ጃኬት የሚያስለብስ ብርድ ቢኖርም፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትመታው እዚያ ውስጥ ያለው አየር 50 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ገመዱ የሚኖረው እዚያ ነው።

አይኢሲ የተባለው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ደረጃ አውጪ ድርጅት ባወጣው የዝርጋታ ሰንጠረዥ መሠረት፣ በቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ባለ 2.5 የፒቪሲ ሽቦ በ30 ዲግሪ አየር 24 አምፔር ይሸከማል። አየሩ 50 ሲሆን በ0.71 ይባዛል፤ 17 አምፔር ይቀራል። በዚያው ቱቦ ሌላ ጭነት የተሸከመ መስመር ካለ ደግሞ በ0.8 ይባዛል፤ ወደ 13.6 ይወርዳል። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይፈልጋል፤ ገመዱ ከሚችለው 13.6 በላይ ማለት ነው። ያውም ለአምስት ደቂቃ አይደለም፤ ሊጡ እስኪያልቅ ነው። እንጀራ ጋግረው በሚሸጡ እናቶች ቤት ደግሞ ምጣዱ ሁለትና ሦስት ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታም አይጠፋም።

«ብሬከር አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። ባለ 20 አምፔር ብሬከር 16 አምፔር ሲያልፍበት አይወርድም፤ መውረድም የለበትም። ኮርኒስ ላይ ያለው ገመድ ምን ያህል እንደጋለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ገመዱ በዝምታ ይጎዳል። ፒቪሲ ሲግል ይለሰልሳል። ለዓመታት ሲግል ደግሞ የሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር ተንኖ ያልቅና ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በተለይ የታጠፈበት ቦታ። ከዚያ በኋላ መዳብና መዳብ ለመገናኘት ብዙ አይቀራቸውም።

ታዲያ ሁሉም ሰው 90 ይግዛ? አልልም። ለአምፖልና ለስልክ ቻርጅ 70ው ይበቃል። ለምጣድ፣ ለምድጃ፣ ለውሃ ማሞቂያ መስመር፣ እንዲሁም ኮርኒስ ላይ ለሚያልፍ ጭነት ግን 90ውን ወይም አንድ ደረጃ ወፈር ያለ ሽቦ እመርጣለሁ። ፒቪሲም ቢሆን 90 የሚችል ዓይነት አለው። በአውሮፓ ምልክት ተራው «ኤች07ቪ» ሲሆን 90ው «ኤች07ቪ2» ይላል። ልዩነቱ ያቺ 2 ቁጥር ብቻ ናት፤ ገመዱን አዙሮ ማንበብ ያስፈልጋል። ጽሑፍ የሌለበትን ገመድ ባይገዙት ይሻላል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ባለ 90 ገመድ ገዛሁ ብሎ እስከ መጨረሻው መጫን አይገባም። ብሬከሩና ሶኬቱ ላይ ሽቦው የሚታሰርበት ቦታ ብዙ ጊዜ ለ70 ነው የተሠራው። ገመዱ ቢችለውም እነሱ ሊቀልጡ ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ምጣዱ ሥር ያለው ጫፍ ነው። እዚያ ያለው ሽቦ ሲቃጠል ብዙ ሰው ከቤት ያገኘውን ተራ ፒቪሲ ቆርጦ ይቀጥላል። በወሩ እንደገና ይቀልጣል፣ እንደገና ይቀጠላል፣ በሥሩ ልጆች ይመላለሳሉ። ለዚያ ቦታ እስከ 180 ዲግሪ የሚችል የሲሊከን ሽቦ አለ። የሚያስፈልገው ደግሞ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ምጣድ የሚጠግኑ ባለሙያዎች ይህን ሽቦ ከሬዚስታንሱ ጋር አብረው ቢይዙ፣ እኛም ስናስጠግን በስሙ ብንጠይቃቸው ብዙ ቤት ይተርፋል።