የቁጥር ተአምር ላኪዎቻችን ይኑሩልን

የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ባይኖር ኖሮ ሒሳብ በአገራችን ምን ይውጠው ነበር? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ ከዋሽንግተን አንድ መልእክት ዱብ ይላል። «ሳይንቲስቶችን ያስደነገጠ ቁጥር! 12345679። 8 የለችም! ለ10 ሰው ላኩ።» ከሥሩ አሜን በአሜን ነው። ዱባይ ያለችው አክስቴ ብቻዋን ሦስት አሜን ጣለች። ለማባዛት አሜን ሲባል እዚያ ነው ያየሁት።

አሠራሩ ቀላል ነው። የምትወዱትን አኃዝ በ9 ታባዛላችሁ፣ የወጣውን በ12345679 ታባዛላችሁ። 7ን የወደደ 63 ብሎ ይጀምርና 777777777 ስልኩ ላይ ተደርድሮለት ቁጭ ይላል። እውነት ለመናገር ያምራል። እኔ ላኪዎቻችንን የማደንቃቸው ግን ከዚያ በኋላ በሚያሳዩት ጨዋነት ነው። «ለምን?» የሚል ነገር ከአፋቸው አይወጣም። ቁጥሩ በ9 ሲባዛ 111111111 ይሆናል፤ ዘጠኝ አንዶችን በ7 ካባዛህ ደግሞ ሰባት ካልሆነ ምን ሊሆን ኖሯል? ይህን የሚል ሰው ወዳጅ የለውም።

ያጎቴ ልጅ ግን አላስችል አለው። «1ን ለ81 አካፍሉ» ብሎ ጻፈ። 0.012345679012345679 እያለ ማለቂያ የለውም። በደንቡ ከ7 ቀጥሎ 8፣ 9፣ 10 እያለ መሄድ ነበረበት። 10 ግን በአንድ ቤት አይቀመጥም፤ አንዱን በግራ ላለው ለ9 ያቀብላል። 9ም አሥር ይሆንና ዜሮ ብቻ አስቀርቶ አንዱን ለ8 ያሳልፋል። 8 ዘጠኝ ሆነች ማለት ነው። የሰወራት የለም፤ እድገት አግኝታ ነው። ማብራሪያው ሲያልቅ ልጁ ከግሩፑ ተባሮ ነበር። ደግ አደረጉ! ተአምር እየተላለፈ ማካፈል ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

ይባስ ብሎ ለብቻዬ ጽፎልኛል። ቁጥሩን በ8 ብታባዛው 98765432 ይመጣል፤ 8 ተመልሳ 1 ቀረች። በ5 ስታባዛው 61728395፤ አሁን የሌለችው 4 ናት። በ2 ሲሆን 7 የለችም። ልክ እንደ መሥሪያ ቤት ነው፣ ሁሌ አንድ ያልገባ አለ። (በ3 አትሞክሩት፤ 37037037 እያለ ያላዝናል።) ለግሩፑ አላስተላለፍኩም። እኔም ዘመድ ያስፈልገኛል።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ መጥቷል። ዕድሜህን ከተወለድክበት ዓመት ጋር ስትደምረው ዘንድሮን ይሰጥሃል፤ ይህ በ1000 ዓመት አንዴ ብቻ የሚሆን ነው ይላል። ደመርን፣ ሠራ። በፈረንጁም በእኛም አቆጣጠር ሠራ። ልደቱ ያልደረሰ ሰው ብቻ አንድ ጎደለበት፤ እምነት ጎድሎት ነው ተባለ። አምናም ሠርቶ ነበር። እኔ የከርሞውን አሜን ከወዲሁ ልኬያለሁ።