ሌባውን ተዉትና ስለ እኛ እናውራ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ሌባ አላወራም። የውሸት የባንክ መልእክት ሠርቶ «ብሩን ልኬያለሁ» የሚለውን፣ የሌላ ሰው ዕቃ ፎቶ ለጥፎ ቀብድ የሚቀበለውን እናውቀዋለን። ሥራው ነው፤ ፖሊስ ይፈልገው። እኔ የምናገረው ለጨዋው ሰው ነው። ለቅሶ የሚደርስ፣ ዕቁብ የሚጥል፣ «የሰው ገንዘብ አልነካም» የሚል፣ ግን ያገለገለ ፍሪጁን ቴሌግራም ላይ ሲያወጣ ሌላ ሰው የሚሆን።

እስኪ ማስታወቂያዎቻችንን እንያቸው። «ባለቤቱ ወደ ውጭ ስለሚሄድ በአስቸኳይ የሚሸጥ።» ይሄ ባለቤት የሚሄደው መቼ ነው? ከመስቀል እስከ ፋሲካ ያው ሶፋ፣ ያው ፎቶ፣ ያው አስቸኳይ። ሦስት ልጆች የዘለሉበት ፍራሽ «ስላይትሊ ዩዝድ» ይባላል። «ምንም ችግር የሌለበት» ተብሎ ፎቶው ከአንድ ጎን ብቻ ይነሳል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውማ ጭራሽ አይገባኝም። የደዋዩን አነጋገር ሰምቶ እንደ ሰዉ ለመቁረጥ ካልሆነ ዋጋ ምን ያስደብቀዋል? የውጭ አገር ቁጥር ሲያዩ ሁለት ሺህ ብር የሚጨምሩ አሉ። ከሪያድ ወይም ከዱባይ የምትደውለው ልጅ ለእናቷ ቴሌቪዥን የምትገዛው በሰው ቤት ሠርታ ባገኘችው ነው እኮ።

ከሁሉም የሚገርመኝ የጎረቤቴ ምጣድ ነው። ያገለገለ የኤሌክትሪክ ምጣድ በስልኳ አይታ ገዛች። ፎቶው ላይ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ሸክላ ነው፤ አክንባሎው ሳይቀር ታጥቦ ተነስቷል። ሻጯ በስልክ «እህቴ፣ የእንጀራው ዓይን ብቻ ያጠግብሻል» አለቻት። ሊጥ ያፈሰሰችበት ቀን ግን አንዱ ጎን እያረረ ሌላው ጎን ሊጥ እንደሆነ ቀረ። ገልብጠው ሲያዩት ከሥሩ ያለው ሽቦ ተቃጥሎ ሁለት ቦታ ላይ ተቀጥሏል። ሸክላውም ከጠርዙ ጀምሮ ወደ መሃል ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በጎመን ዘር ታሽቶ፣ ታሽቶ፣ ከላይ እንዳይታይ ተደርጓል።

ሽቦ መቀጠል ነውር አይደለም። ሽቦው ያልተቀጠለ ምጣድ ያለው ቤት ስንት ነው? የሰፈር ኤሌክትሪሻን አዲስ ሽቦ ቢገባለት ይጠግነዋል። ነውሩ ጎመን ዘሩ ነው። ሴትየዋ «ሽቦው ተቀጥሏል፣ ሸክላው ተሰንጥቋል፣ ለዚህ ነው በዚህ ዋጋ የምሸጠው» ብትል ኖሮ ጎረቤቴ የሽቦውን ሒሳብ አስቀንሳ ትገዛው ነበር። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያዩ ነበር። አሁን ግን ጎረቤቴ «ከዚህ በኋላ አሮጌ ዕቃ ወይ ፍንክች» ብላለች። አንድ ገዢ ከገበያው ወጣ ማለት ነው።

ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ያወጣው ጽሑፍ አለ። በዚህና መሰል ሥራው በ2001 እ.ኤ.አ. ከሁለት ምሁራን ጋር ኖቤል ተሸልሟል። ሐሳቡ ሲቀልል እንዲህ ነው። ገዢ ደህናውን መኪና ከበሽተኛው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የመሃል ዋጋ ይሰጣል። የመሃል ዋጋ ደህና መኪና ላለው አያዋጣም፤ ስለዚህ መኪናውን ገበያ አያወጣውም። በሽተኞቹ ይቀራሉ። ገዢው ይሄን ሲነቃ ዋጋውን የባሰ ይሰብራል። እንደዚያ እያለ ገበያው ይሞታል። ሰውየው አዲስ አበባን ባያውቃትም የእኛን ነገር ነው የተናገረው። ደህና ላፕቶፕ ያለው ሰው ለማን ይሸጣል? ለአክስቱ ልጅ፣ ለመሥሪያ ቤት ባልደረባው። ኦንላይን የሚወጣው ብዙ ጊዜ ዘመድ አይቶ እንቢ ያለው ነው። ከዚያ ደግሞ «ሰዉ ዋጋ አይሰጥም» ብለን እናማርራለን። ሰዉ ዋጋ የማይሰጠው ጎመን ዘሩን ስለሚያውቅ ነው።

ገዢዎች፣ አትሳቁ። ወደ እናንተ እየመጣሁ ነው።

«ላስት ስንት?» የሚባለውን ነገር ማን አስተማራችሁ? ሰላምታ የለ፣ ዕቃው አለ ወይ የለ፣ ይሠራል ወይ የለ። ላስት ስንት? ሰውየው የመጀመሪያውን ዋጋ ገና ሳይናገር የመጨረሻውን ይጠየቃል። ከዚያ «መጣሁ» ይባላል። ሻጩ ከሥራ አስፈቅዶ፣ ቤቱን ጠርጎ፣ ዕቃውን አውጥቶ ይጠብቃል። ሲደወል «መገናኛ ደርሻለሁ፣ መንገድ ተዘጋግቶ ነው» ይላል፤ ድምፁ ግን ገና ከአልጋ አልወረደም። ሲመሽ ስልኩ ይጠፋል። ሐሳባችሁን መቀየር መብታችሁ ነው። «ትቼዋለሁ፣ ይቅርታ» ብሎ መጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ድርድር እወዳለሁ። ድርድር የሌለበት ገበያ ጨው የለውም። ግን ድርድር ጊዜ አለው። በስልክ 18 ሺህ ብላችሁ ትስማማላችሁ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ትወጣላችሁ። ቁምሳጥኑ ይፈታታል፤ በሩ ለብቻ፣ ጀርባው ለብቻ ሆኖ በጠባቡ ደረጃ ግድግዳ እየፋቀ ይወርዳል። ጫኝና አውራጆቹ ሒሳባቸውን ተቀብለዋል። ያኔ ኪሳችሁን ዳበስ አድርጋችሁ «ይቅርታ፣ 14 ነው የያዝኩት» ትላላችሁ። ሻጩ ያንን ሁሉ መልሶ አራት ፎቅ እንደማያወጣው አውቃችሁ ነው። ይሄ በጨዋ ቋንቋ የተነገረ ቅሚያ ነው። ገንዘቡ ከሌላችሁ ቀድሞ ስልክ ላይ መናገር ነበር።

ሻጮችም ይሄን መልሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ገዢው አይሱዙ ተከራይቶ ከጀሞ ሲኤምሲ ድረስ መጥቶ «ኧረ አሁን ለሌላ ሰው ሸጥነው» ይባላል። ስንት ጨምሮ ነው ቢባል አምስት መቶ ብር! ቀብድ ተቀብለው እንኳ እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። ሕጉን ባታውቁ ነው እንጂ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ግን እጥፉን ይመልሳል። በርግጥ ለሦስት ሺህ ብር ቀብድ ማን ፍርድ ቤት ይመላለሳል? ይሄን አውቃችሁም አይደል። ለዚህ ነው በሕግ ሳይሆን በተግሳጽ የመጣሁባችሁ።

አሁን ስለ መፈተሽ። እኛ አገር ፈትሸኝ ማለትም፣ ልፈትሽ ማለትም እንደ ስድብ ይቆጠራል። ስልክ የሚገዛው ሰው ‹ኮከብ መሰላል ዜሮ ስድስት መሰላል› ደውሎ የሚወጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ሲያመሳክር ሻጩ ፊቱ ይለዋወጣል። «ምነው፣ ሌባ እመስላለሁ?» አትመስልም ወንድሜ፤ ግን በግንባርህ ላይ አልተጻፈም። ካርቶንም ደረሰኝም የሌለው፣ ከገበያው በግማሽ የረከሰ ስልክ ሲቀርብላችሁ ደግሞ ገዢዎች «ዕድል ነው» አትበሉ። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ወይም መገመት እየቻለ የገዛ ሰው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ራሱ ተጠያቂ ነው። «እኔ ምን አገባኝ፣ ሸጠልኝ ገዛሁ» አያድንም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይሄ ነው።

ፍሪጅ ልታዩ ስትሄዱ «እስክመጣ አትሰኩት» በሉ። ቀድሞ የቀዘቀዘ ፍሪጅ ምንም አይነግራችሁም፤ ፊታችሁ ተሰክቶ ሲነሳ ነው ድምፁንም ማቀዝቀዙንም የምታዩት። ሻጭም አይክፋው። በክፍያ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሻጩ የገዢውን ስልክ ሳይሆን የራሱን ቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳቡን ከፍቶ ብሩ መግባቱን እስኪያይ ድረስ ገዢው ቁጭ ብሎ ይጠብቅ። ኔትወርክ ቢዘገይም ይጠብቅ። «አታምነኝም እንዴ?» ብሎ መቆጣት የለም። ትናንት ባላወቃችሁት ሰው ላይ ዛሬ ምን ዓይነት መታመን ነው የምትጠይቁት?

መኪና የምትሸጡ፣ በውክልና ብቻ ሰጥታችሁ፣ የሊብሬውን ስም ሳታዛውሩ ብሩን ቆጥራችሁ አትሂዱ። ያ መኪና ነገ ሰው ቢገጭ በባለቤትነት የሚፈለገው ሊብሬው ላይ ያለው ስም ነው። ገዢም «ስም ማዛወሩን በኋላ» እያለ ዓመት አያስቆጥር። ይሄ ለማንም አዲስ ነገር ስላልሆነ እዚሁ ልተወው።

አንድ ያላነሳሁት ጉዳይ አለ፤ ወንዶችን ነው። ሴት ልጅ ዕቃ ለመሸጥ ስልኳን ስትለጥፍ ስልኳን ለዕቃው ነው የለጠፈችው። የቡና ማሽን ለመግዛት ደውላችሁ ለቡና አትጋብዟት። ከሦስት ሳምንት በኋላ «እንዴት ነሽ ታዲያ» የሚል መልእክት ምን የሚሉት ነው? «ቤት አትምጡ፣ ጥበቃው ጋ ወይም ካፌ እንገናኝ» ስትልም «ምን ታስቢያለሽ» አትበሏት። የምታስበውን ታውቃላችሁ፤ እኅታችሁ ብትሆንም እንደዚያው እንድታደርግ ትመክሯታላችሁ። ወንድም ሆነ ሴት፣ ዕቃው በእጅ የሚያዝ ከሆነ በቀን፣ ሰው ባለበት መገናኘት ለሁሉም ይበጃል።

ባጭሩ ለሻጭ የምለው ይሄ ነው፦ ጉድለቱን ፎቶ አንሱት። ጭረቱን፣ ስንጥቁን፣ የተቀጠለውን ሽቦ ከሁሉም ፎቶ አስቀድሙት። ዋጋውን ጻፉት። ድርድር ካለው አለው በሉ፤ ከሌለው የለውም። ሁለት ሦስት ሰው ያኮርፋችሁ ይሆናል፤ የሚመጣው ግን አውቆ የሚመጣ ነው፤ በራችሁ ላይ ቆሞ አይከራከርም።

ደግሞ ዕቃው ሲሸጥ ማስታወቂያውን አጥፉት። ካልሆነ «ተሽጧል» ብላችሁ ጻፉበት። ሰው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ደውሎ «ፍሪጁ አለ?» ሲላችሁ አትቆጡ። የእናንተው ማስታወቂያ አሁንም «በአስቸኳይ የሚሸጥ» ነው የሚለው።